መልስ፦ በበረዶ ወቅት ልጄን ጫካ ልላከው?

እህቴ፣ ጀርመን ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅሽን በበረዶ ወቅት «ጫካ መዋለ ሕፃናት»፣ ማለትም ልጆች ከቤት ውጭ ጫካ ውስጥ እየተጫወቱ በሚውሉበት መዋለ ሕፃናት፣ ማዋል አስፈርቶሽ ጠይቀሻል። ይገባኛል። እኛ ያደግነው «ብርድ ይመታሻል» እየተባልን ነው። የኔ ልጅ ግን ሁለት የበረዶ ወቅት እዚያ ውሏል።

ዋናው ልብሱ ነው። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ቱታ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ ያበርዳል። ትርፍ ጓንትም ቦርሳው ውስጥ አድርጊለት።

«መጫወቻ የለም» ላልሽው፣ የወደቀ ግንድ ዛሬ አውቶቡስ ነው፣ ነገ መርከብ። የጥንቸል ዱካ በረዶ ላይ ያገኙና ወዴት ሄደች እያሉ ሲከራከሩ ያረፍዳሉ። የጥድ ፍሬ እየቆጠሩ በበረዶ «ወጥ» ይሠራሉ። ልጄ ማታ ይህን ሲያወራልኝ ደስታው ሌላ ነው!

ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ቅርንጫፍ ስለሚወድቅ ጫካ መግባት አደገኛ ነው። ብዙዎቹ የጫካ መዋለ ሕፃናት ለመጠለያ የሚሆን ተጎታች ቤት አላቸው። ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ እዪው፤ ምድጃ እንዳለውም ጠይቂ።