የእናትሽ ሳጥን፦ ያረጁ የተባረኩ ዕቃዎችን እኔ እንዴት እንደማሰናብት

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን ነፍስ ይማር። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ሲያርፉ አንድ ሳጥን ሙሉ መቁጠሪያ፣ ስካፑላር (አንገት ላይ የሚንጠለጠል የተባረከ ጨርቅ)፣ አንገቱ የተሰበረ የእመቤታችን ሐውልት፣ የተበጣጠሱ የጸሎት መጻሕፍት፣ የደረቀ ዘንባባና አንድ ሃይላንድ የተባረከ ውሃ ትተዋል። አንቺ ደግሞ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለውን የኪራይ ግቢ ለቀሽ በሚመጣው ወር ኮንዶሚኒየም ልትገቢ ነው። «ብጥለው ኃጢአት ይሆንብኛል? ባልጥለውስ የት ላኑረው?» ነው ያልሽው። አንዳንዶች «ዝም ብለሽ ቅበሪው» ብለውሻል። አልተሳሳቱም። እኔ ግን ያንን «ዝም ብለሽ» ሞክሬው በሰፈር ፊት ያፈርኩ ሰው ነኝ።

እኔም ሐዋሳ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችንን ከሚያጸዱት ሴቶች አንዷ ነኝ። የብዙ ሰው ሳጥን መጨረሻው እኛ ጋ ነው። በማታ በጥቁር ፌስታል ታስሮ ግሮቶው ጋ (የእመቤታችን ሐውልት የቆመበት ዋሻ)፣ እግሯ ሥር ተጥሎ እናገኘዋለን። እጁ የወለቀ መስቀል፣ አይጥ የበላው ሥዕል፤ አንድ ቀንማ የሻገተ ዳቦ አብሮ ነበር። ያስቀመጠው ሰው ኃጢአት ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን ግን ለእኛ አሸክሞን ሄደ። መስጠት ካሰብሽ ቆሞሱን (የቤተ ክርስቲያኑን ኃላፊ ካህን) ወይም ሲስተሮቹን አስቀድመሽ አናግረሽ በእጅሽ አስረክቢ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና መጽሐፍ ቁጥር 1171 ላይ፣ ለአምልኮ የተባረከ ዕቃ በግለሰብ እጅ ያለ ቢሆን እንኳ በአክብሮት እንዲያዝ፣ ለማይገባው አገልግሎትም እንዳይውል ያዛል። እንዲህ አድርጋችሁ አስወግዱ የሚል ዝርዝር ግን አልጻፈም። ማቃጠልና መቅበር በልማድ የወረስነው ነው። እሳትም አፈርም የዕቃውን መልክ ያጠፉታል፤ መልኩ ከጠፋ በኋላ ሰው የሚረግጠው ወይም የሚነግድበት መስቀል የለም። ቅዱስ ቁርባን ሌላ ነው፤ ከዚህ ጋር እንዳታደባልቂው። መቁጠሪያ የጸሎት መያዣ ነው እንጂ እንደ ቁርባን ያለ ምሥጢር አይደለም፤ እጅሽ ላይ ስለተበጠሰ የሚደርስብሽ ነገር የለም። ይህን የምልሽ ብዙዎቻችን ዕቃውን የምናከማቸው አክብረነው ሳይሆን «ይቀስፈኛል» ብለን ስለሆነ ነው።

ከወረቀቱ ጀምሪ። እኔን የበላኝ ወረቀት ነው። አንድ አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ነበረኝ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2002 እ.ኤ.አ. በመቁጠሪያ ጸሎት ላይ የብርሃን ምሥጢራትን (ምሥጢራት የምንላቸው እየጸለይን የምናስባቸው የክርስቶስና የእመቤታችን ሕይወት ክፍሎች ናቸው) ከማከላቸው በፊት የታተመ፣ የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ምሥጢራት ብቻ ያሉበት። አዲስ ስገዛ አሮጌውን ከልጆቹ ደብተር ክምር ላይ ጣል አደረግሁት። አንድ ቀን ቁራሌው በበር ሲያልፍ ልጄ ክምሩን እንዳለ ሸጠችለት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሰፈር ሱቅ ቆሎ ገዛሁ። ወረቀቱን ዘርጋ ሳደርገው «አምስቱ የሐዘን ምሥጢራት» ይላል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ለማን ለማን ነፍስ እንደምጸልይ የጻፍኩት ስም ዝርዝር። ቆሎውን አልበላሁትም ብል ውሸት ነው፤ እያፈርኩ ቆረጠምኩት። ተመልሼ ሄጄ ባለሱቁን ብለምነው አራት ገጽ ብቻ ተርፎ አገኘሁ። የቀረው በርበሬና ስኳር ተጠቅልሎበት በየቤቱ ገብቷል።

ስለዚህ ወረቀት አቃጥዪ፤ ለብቻው አቃጥዪ። እናቴ እንጀራ በሚጋገርበት እሳት አትጨምረውም ነበር፤ «ማገዶ ልታደርጊው ነው?» ትለኝ ነበር። የተጻፈ ሕግ አይደለም፣ ግን እውነት አላት፤ ሥዕሉ እንጀራ ካበሰለ አገልግሎት ላይ ዋለ ማለት ነው። እኔ የከሰል ምድጃዬን ግቢ አውጥቼ፣ አንድ አባታችን ሆይ ብዬ፣ ገጽ በገጽ አቃጥላለሁ። መጽሐፍ ከነጥራዙ ዳሩ ብቻ ይጠቁርና መሀሉ ይተርፍሻል፤ ገንጥዪው። አመዱን ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ የዛፍ ሥር። የድሮ የቀን መቁጠሪያ ያልተባረከ ስለሆነ ሕጉ አይይዝሽም። የብፁዕ ገብረ ሚካኤል ወይም የቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያዕቆብ ሥዕል ያለበት ከሆነ ግን ቆርጠሽ ለትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ስጪው፤ ደስ ይላቸዋል።

ሐውልቱ ነው ከባዱ። የእኔም እንደ እናትሽ አንገቷ የተሰበረ የጄሶ እመቤታችን ነበረች። እንደሰማሁት ከነጠላ በቆረጥኩት ነጭ ጨርቅ ከፈንኳትና በምኖርበት የኪራይ ግቢ ጥግ ቀበርኳት። ዓመት አልሞላም፣ አከራያችን አዲስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ ሠራተኛ አመጡ። እኔ ቡና እየቆላሁ ነው። ጩኸት ሰምቼ ብወጣ ቆፋሪው አካፋውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከፊቱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ አንገቷ የተለየ ትንሽ ሴት ተጋድማለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። «መተት ነው! ማን ላይ ነው ያስቀበሩት?» ተባለ። አከራያችን ጴንጤ ናቸው፤ በዚያ ላይ የልጃቸው ትዳር የፈረሰው በዚያው ሰሞን ነበር። ምን እንዳሰቡ ልንገርሽ? እያላበኝ «እኔ ነኝ፣ ለክብሯ ብዬ ነው» አልኩ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ በመጨረሻ ሳቁ። ቆፋሪው ግን ያንን ጉድጓድ አልጨርስም ብሎ ሄደ፤ የሌላ ሠራተኛ ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።

በኋላ ቆሞሳችንን ሳማክር ያሉኝ አጭር ነው፦ መልኳ እንዳለ ለምን ቀበርሻት? መጀመሪያ ስበሪያት። መዶሻ አንስቼ የእመቤታችንን ምስል መምታት ቀላል እንዳይመስልሽ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ሐውልቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፊቱን ሳላይ፣ ፍርስራሹ ጠጠር እስኪያክል እመታለሁ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ አፈር ጋር እደባልቀዋለሁ። ጄሶ እርጥበት ሲያገኝ እየሟሟ ይሄዳል። ማንም ቢቆፍር የሚያገኘው ነጭ ብናኝ ነው። ሐይቁ ውስጥ ጣዪው የሚሉሽን አትስሚ፤ ነገ ዓሣ አጥማጁ በመረቡ ያወጣዋል፣ ከዚያ የእኔ ታሪክ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይደገማል።

መቁጠሪያውን ለማስወገድ አትቸኩዪ። የቤተ ክርስቲያን የሥርየት ደንብ (ሥርየት ማለት ይቅር ለተባለ ኃጢአት የቀረውን ጊዜያዊ ቅጣት ማቅለያ ነው)፣ ከተባረከ የጸሎት ዕቃ ጋር የተያያዘው ሥርየት የሚቀረው ዕቃው ፈጽሞ ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ለልጅሽ ብታወርሺው ምንም አይጎድለውም፤ ሰንሰለቱ መበጠሱም ምንም አይደለም። ባለ አምስቱ ምዕራፍ 59 ፍሬ አለው፤ አንድ ሁለት ቢጎድል ከሌላው አሮጌ ወስደሽ ሙዪ። እኔ የምሰካው ሐይቁ ዳር በሚሸጠው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው፤ ከሰንሰለት ይበልጣል፣ አይዝግም። እንዲህ ጠግኜ ለመጀመሪያ ቁርባን ልጆች ብዙ ሰጥቻለሁ። በጨለማ የሚያበራው የላስቲክ መቁጠሪያ ከተሰባበረ ግን አታቃጥዪው፤ ጭሱ ሳንባ ይበላል። ፍሬውን በትኚ፣ መስቀሉን በፒንሳ ቆራርጠሽ ቅበሪ። የብረት መስቀልና ሜዳሊያ ለአንጥረኛ ይሰጥና ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ፊትሽ ይሁን።

ስካፑላሩ ጨርቅ ስለሆነ ከወረቀቱ ጋር ይቃጠላል። አንቺ ራስሽ ስካፑላር የተቀበልሽ ከሆንሽ፣ ያንቺ ሲያልቅ አዲሱን እንደገና ማስባረክ ግድ አይደለም፤ መጀመሪያ የተቀበልሽው ይበቃል።

ውሃውን መታጠቢያ ቤት እንዳትደፊው። የቆየ ከሆነ አረንጓዴ ሳይሆን አይቀርም፣ አትጠጪውም። በር ላይ ጤና አዳም ካለሽ ሥሩ አፍስሺው፤ አፈር ይጠጣው። ባዶው ሃይላንድ ሃይላንድ ነው፣ ለልዋጭ ስጪው። ቁርጥራጭ ሻማ ካለ በጸሎት ሰዓት አብርተሽ ጨርሺው። መብራት በጠፋ ቁጥር ለእራት ማብሪያ የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አላደርገውም፣ አልፈርድባቸውምም።

ዘንባባውን ለኛ አስቀሪልን። እኛ እዚህ በላቲን ሥርዓት ስለሆንን የዐመድ ረቡዕ (ጾማችን የሚገባበት ቀን) አመድ የሚዘጋጀው ከአምናው የሆሳዕና ዘንባባ ነው፤ ሕፃናቱ የሠሩት ቀለበትም ቢሆን ይገባል። ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ይዘሽ ነዪ፤ በፌስታል ቋጥረሽ ግሮቶው ጋ አትጣዪ እንጂ፣ በእጅሽ።

የቀረውን ሁሉ አሁን ባለሽበት ግቢ ሳለሽ ጨርሺ። አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ላይ እሳት ብታነድጂ ጎረቤት ይጮህብሻል፣ ለመቅበርም አፈር የለሽም። በአንድ ቀን ልጨርስ አትበዪ ደግሞ፤ የእናትሽ እጅ ያረፈበት ነው፣ ማልቀስሽ አይቀርም፤ ለእኔ የእናቴን ለመጨረስ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ሳጥኑ ራሱ ግን አልተባረከም፤ የሽንኩርት ማስቀመጫ ብታደርጊው ማንም አይቆጣሽም።