ሲሄዱ 10 ሰዓት፣ ሲመለሱ 12?

ጥያቄ፦ ከቶኪዮ ናሪታ ወደ ሎስ አንጀለስ ስበር 10 ሰዓት ፈጀብኝ። ስመለስ ግን ወደ 12 ሰዓት ተጠጋ። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ? ደግሞ ከናሪታ የተነሳሁት 17:00 ላይ ነው፤ ሎስ አንጀለስ የደረስኩት በዚያው ቀን 11:00 ላይ። ሳልነሳ ደረስኩ ማለት ነው? ርቀቱን ካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካውም አልገባኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ማስመሪያውን ያስቀምጡልኝ። ብዙ ዓመት የበረራ ዕቅድ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀማሪ ሳለሁ እኔንም ጠፍጣፋ ካርታ ሸውዶኛል።

ሉል ካለዎት ክር ይያዙ። አንዱን ጫፍ ቶኪዮ፣ ሌላውን ሎስ አንጀለስ ላይ አድርገው ወጠር ያድርጉት። ሁለቱም ከተሞች 35 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናቸው። ክሩ ግን እዚያው አይቆይም። ወደ ሰሜን ወጥቶ 48 ዲግሪ አካባቢ ይደርስና ተመልሶ ይወርዳል። አጭሩ መንገድ ይኼ ነው፤ 8,750 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካርታው ላይ ቀጥ ያለ የሚመስለውን መስመር ቢከተሉ 9,300 ገደማ ይሆንብዎታል።

ርቀቱ እንግዲህ ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ ነው። ሰዓቱን የሚለዋውጠው ነፋሱ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ቦታ፣ ጀት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በብርዱ ወራት ጃፓን ላይ አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፌብሩዋሪ 2020 አንድ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የገባው ይኼው ነፋስ ገፍቶት ነው።

አውሮፕላኑ አየሩን በሰዓት 900 ይቀዝፋል እንበል። ነፋሱ ከኋላ በአማካይ 100 ከገፋው፣ 8,750ን በ1,000 ማካፈል ነው፤ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ከፊት ከመጣበት በ800 ያካፍሉ፤ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል። መንደርደሪያው ላይ የሚጠፋውን፣ መውጫና መውረጃውን ሲጨምሩበት እርስዎ ያዩት ቁጥር ይመጣል። ዕቅድ አውጪውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲሄድ ነፋሱን ፍለጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ሽሽት ወደ ሰሜን፣ ወደ አላስካ በኩል ይወጣል። ረጅሙ መንገድ አንዳንዴ ቶሎ ያደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። «ሲሄድ ያተረፍኩትን ሲመለስ እከፍላለሁ፣ ተጣጣ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይጣጣም! ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 19 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነበር። ከላይ ባለው ስሌት ግን 19 ሰዓት ከ41 ይሆናል። የፊቱ ነፋስ ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚይዝዎት።

ሳልነሳ ደረስኩ ላሉት፦ 17:00 የቶኪዮ፣ 11:00 የሎስ አንጀለስ ሰዓት ነው። በጉዞዎ ወቅት ቶኪዮ በ16 ሰዓት ትቀድም ነበር። 17:00 ላይ 10 ይደምሩ፣ 16 ይቀንሱ። መንገድ ላይ የቀን መለወጫውን መስመር ስለተሻገሩ ያው ቀን ሁለቴ መጣልዎት። ሲመለሱ ግን ይወሰድብዎታል።

በሚቀጥለው በረራ ፊትዎ ያለው ስክሪን ላይ የመሬት ፍጥነቱን፣ ማለትም አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር የሚሄድበትን ፍጥነት፣ ይመልከቱ። ከ1,000 ካለፈ ነፋሱ ከኋላዎ ነው።