ኤሌክትሮን አንድ ፍሬ ቡና ቢሆን

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን «ስለ ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ያልገባችሁን ጻፉና ስጡኝ» ብያቸው ነበር። ጅማ ውስጥ ነገር ቶሎ ይሰማል፤ ወላጆችና ጎረቤቶችም ጨመሩበት። ደግማችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን እነሆ። ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን አቶም የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። ማስ ስል መጠነ ቁስ፣ ቻርጅ ስል ደግሞ ቅንጣቶች እንዲሳሳቡ ወይም እንዲገፋፉ የሚያደርገውን የኤሌክትሪክ ጠባይ ማለቴ ነው።

ቲቸር፣ ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 እጥፍ ይከብዳል ብለውናል። ቁጥሩ ግን አልጨበጥ አለኝ።

መርካቶ ውረድና ጥሬ ቡና ግዛ። አንዷን ፍሬ ኤሌክትሮን በላት። ከዚያ 1836 ፍሬ ቆጥረህ ሚዛን ላይ አውጣ። እንደ ቡናው ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ሩብ ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፕሮቶን ያ ሩብ ኪሎ ነው። በቁጥር ሲጻፍ ኤሌክትሮን 9.11 × 10⁻³¹ ኪሎ ግራም፣ ፕሮቶን 1.673 × 10⁻²⁷ ኪሎ ግራም ነው። ለፈተና ቁጥሩን ያዝ፤ ለራስህ ግን ቡናውን ያዝ።

ታዲያ አንዷ ፍሬ እንዴት ከሩብ ኪሎው ጋር እኩል ቻርጅ ይኖራታል?

ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የከበደ ነገር ብዙ ቻርጅ የሚይዝ ይመስለናል። ቻርጅ ግን ከማስ የሚቀዳ ነገር አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። የኤሌክትሮንም የፕሮቶንም ቻርጅ መጠኑ 1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው (ኩሎምብ የቻርጅ መለኪያ ነው)፤ የሚለያዩት በምልክት ብቻ ነው፦ ኤሌክትሮን ነጌቲቭ፣ ፕሮቶን ፖዘቲቭ። በጣም ጥንቁቅ በሆኑ ሙከራዎች ተለክቶ እንኳ ልዩነት አልተገኘም።

ይህ እኔን ዛሬም ይደንቀኛል። የተቀመጥክበት በርጩማ ውስጥ ለቁጥር የሚታክት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አለ። የሁለቱ ቻርጅ በጥቂቱ እንኳ ባይመጣጠን ኖሮ ዕቃ ሁሉ ቻርጅ ይኖረውና እርስ በርሱ ይገፋፋ ነበር።

የማሱ ልዩነት ደግሞ በእንቅስቃሴ ይታያል። ሁለቱ በእኩል ኃይል ይሳሳባሉ፤ ግን ኤሌክትሮን ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱ 1836 እጥፍ ቶሎ ይለወጣል። እኩል ብትገፋቸው ባዶ ጋሪና ቡና የጫነ ጋሪ እኩል እንደማይሮጡ ማለት ነው።

መምህር፣ ልጄ «ኤሌክትሮን ነጌቲቭ አንድ፣ ፕሮቶን ፖዘቲቭ አንድ፣ ኒውትሮን ዜሮ» እያለች ስታነበንብ ታመሻለች። አንዱ ምንድን ነው?

እትዬ፣ ጥሩ ጠየቁ። «አንድ» የተባለው ከላይ የጻፍኩት የኩሎምብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ረጅም ስለሆነ ያንን መጠን እንደ አንድ ቁና ቆጠሩት። ልጅዎ «የምን አንድ?» ብላ መጠየቅ ከጀመረች ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

የመማሪያ መጽሐፉ የፕሮቶንንም የኒውትሮንንም ማስ 1 ይላል። እኩል ናቸው?

ተጠጋግቶ ነው። ኒውትሮን 1.675 × 10⁻²⁷ ኪሎ ግራም ነው። በእኛ ሚዛን በሩብ ኪሎው ላይ ሁለት ፍሬ ተኩል እንደ መጨመር ነው። ነጋዴ ይህን አይቆጥርም፤ ተፈጥሮ ግን ትቆጥራለች። ከአስኳል (ከአቶም እምብርት) ውጭ ብቻውን የቀረ ኒውትሮን ከባዱ እሱ ስለሆነ በአማካይ በ15 ደቂቃ ገደማ ይፈርሳል። ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ የምትባል በጣም ቀላል ቅንጣት ይወጣሉ። ነገሩ ተገልብጦ ፕሮቶኑ በዚያው ልክ ከባድ ቢሆን ኖሮ የሚፈርሰው ፕሮቶን ይሆን ነበር። የሃይድሮጅን አስኳል ደግሞ አንድ ፕሮቶን ነው። ሃይድሮጅን ከሌለ ውሃ የለም።

ኒውትሮን ቻርጅ ከሌለው ውስጡ ባዶ ነው?

አይደለም። ውስጡ ኳርክ የሚባሉ ከሱ ያነሱ ቅንጣቶች አሉ። አፕ የሚባለው ኳርክ ቻርጁ +2/3፣ ዳውን የሚባለው −1/3 ነው። ፕሮቶን ሁለት አፕና አንድ ዳውን ነው፤ ደምሩት፣ 1 ይመጣል። ኒውትሮን አንድ አፕና ሁለት ዳውን ነው፤ ድምሩ 0። ቻርጅ አለ፣ ግን ተጣፍቷል።

ማንም ያላየውን ነገር በምን መዘኑት?

በሁለት እርምጃ። በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን የኤሌክትሮንን ጨረር በኤሌክትሪክና በማግኔት አጥፎ የቻርጁንና የማሱን ንጽጽር አገኘ። ማሱን ለብቻው ግን አላወቀም። ከ1909 ጀምሮ ሮበርት ሚሊካን ቻርጅ የያዙ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ ኃይል አየር ላይ እያንሳፈፈ ቻርጁን ለካ። ቻርጁ ከታወቀ ማሱ በማካፈል ይወጣል። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው እንዲህ በቀላሉ አልተያዘም፤ ጄምስ ቻድዊክ እስኪያገኘው 1932 ደረሰ።

የሶዲየም አዮን ፖዘቲቭ የሆነው ምን ተጨምሮበት ነው?

ምንም። ተቀንሶበት ነው። አዮን ማለት ኤሌክትሮን በማጣት ወይም በማግኘት ቻርጅ የያዘ አቶም ነው። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው፤ ከ11 ኤሌክትሮኖቹ አንዱ ሄዶ 10 ቀሩ።

ልጄ፣ ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያድራል። ጠዋት ይከብዳል ወይ?

አባባ፣ አይከብድም። አንድ አምፒር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው) ሲፈስ በየሰከንዱ 6 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን ያልፋል። የአንድ ሰዓቱ ሁሉ ቢመዘን ግን ከአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ 20 እጁ ያህል ነው። እሱም ቢሆን ስልኩ ውስጥ አይቀርም፤ በአንዱ ሽቦ የገባው ያህል በሌላው ይወጣል። ባትሪው የሚያጠራቅመው ኃይል ነው። የእርስዎን ሰውነት ከጠየቁኝ ደግሞ፣ 60 ኪሎ ሰው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሙሉ ተሰብስበው 18 ግራም ገደማ ናቸው። የቀረው የፕሮቶንና የኒውትሮን ነው።