ጥያቄና መልስ፦ የኒውፖርቱ ቴነር ሳክስ፣ 27 ዙር

ሳክሱ፦ በሉ መጣሁ፣ ደብረ ብርሃን መብራት እስካለ እመልሳለሁ። ዛሬ የምናወራው የአሜሪካዊው ጃዝ ሙዚቀኛ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ አሜሪካ ኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ላይ በ1956 ላይቭ የተቀዳው ነው፣ የባንዱ ቴነር ሳክስ (ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ሳክስፎን) ነፊ ፖል ጎንሳልቬስ አንድ የብሉዝ ዘፈን ላይ 27 ዙር ሶሎ የነፋበት። የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፣ የተቀዳበት ቀን በኛ ሰኔ 30፣ 1948። በስልክ ስፒከር የሰማ አይጠይቀኝ፣ ኢርፎን አድርጉ።

የጠባሴ ልጅ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ፣ 27 ዙር ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? እኔ ዝም ብሎ ረዥም ሶሎ ነው የመሰለኝ

ሳክሱ፦ ብሉዝ 12 ባር ነው፣ አንዱ ባር አራት ምት፣ 12ቱ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ። እሱ ነው ዙር። 27 በ12 ስታባዛው 324 ባር፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ዘፈኑ በ1937 የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ ሳክሱ መሀል ላይ ድልድይ ሆኖ ነው የገባው። ከሳክሱ ጋር አትቁጠር ትጠፋለህ፣ ከጂሚ ዉድ ቤዝ ጋር ቁጠር። ቤዙ ደግሞ በስልክ ስፒከር አይሰማም ብያለሁ።

አጣዬ፦ ከዓለም አንደኛ ሳክስፎኒስት ማነው?

ሳክሱ፦ ቀጣይ።

ሸዋ ሮቢት፦ ሳክሱ ለምን ሩቅ ሆነ ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ሳክሱ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ፋይልህ ደህና ነው። መድረኩ ላይ የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ማይክ ነበረ፣ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮም የራሱን ተክሏል፣ ጎንሳልቬስ የሬዲዮው ማይክ ላይ ነፋ። በ1956 በወጣው የኮሎምቢያ ሸክላ ላይ ከጓሮ የሚነፋ የሚመስለው ለዛ ነው። እንደውም የዛ ሸክላ ብዙው ክፍል በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ደግመው ቀድተው ጭብጨባ የደረቡበት ነው፣ ይሄ ሶሎ ግን የዛን ማታው ራሱ ነው። የሬዲዮው ቴፕ ከስንት ዘመን በኋላ ተገኘና በ1999 ሁለቱን ቴፕ ገጥመው ስቴሪዮ አርገው አወጡት፣ የ1999ኙን ፈልጉ። እኔ ነገሩ የገባኝ ሠርግ ላይ ስለሠራሁ ነው፣ ማይኩ አንድ፣ እሱንም ዘፋኙ ይዞት ይዞራል፣ ደረቴ እስኪነድ ነፍቼ ካሴቱን ስሰማው እልልታና ከበሮ ብቻ። ስለዚህ ሰውዬውን አልፈርድበትም።

መንዜው፦ እኔ ስሰማው ሽለላ ነው የመሰለኝ፣ ሕዝቡ ሲጮህ እሱ ይብስበታል

ምንጃር፦ ሽለላና ጃዝ ምን አገናኘው ደሞ

መንዜው፦ ሳክስ ነፊውን ጌታቸው መኩሪያን አልሰማህም ማለት ነው። የይፋት ልጅ እኮ ነው

ምንጃር፦ አዲስ አበባ ነው የሠራው፣ ደሞ እሱ ይነፋ የነበረው ቀረርቶ ነው

መንዜው፦ ሽለላ!

ሳክሱ፦ ተዉ እንጂ። ጌታቸው ይፋት ነው የተወለደው፣ በክራርና በመሲንቆ ጀምሮ ወደ ሳክስ ገባ፣ ሽለላውን ከሸላዩ አፍ ወስዶ ቴነር ውስጥ ከተተው። መንዜው ያለው ግማሹ ልክ ነው። ሸላይ ትንፋሹ ባለቀበት ይቆማል፣ ምት አይጠብቅም፣ ጎንሳልቬስን ግን 12ቱ ባር አይለቀውም፣ አጥሩ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሸልለው። የሕዝቡ ነገር ግን አንድ ነው፣ "በለው!" የሚል ሰው ከሌለ ሸላይም አይሞቅ። መጀመሪያ ላይ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ እየቆየ ጩኸቱ ከሳክሱ እኩል ይሆናል፣ ኤሊንግተን ራሱ ከኋላ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ። የካውንት ቤሲ ጃዝ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ጆ ጆንስ ከመድረኩ ጥግ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምት ሲመታላቸው ነበር ይባላል። ጩኸቱን በኢኩዋላይዘር (በድምፅ ማስተካከያ) ልቀንሰው የምትሉ ልጆች እባካችሁ ተዉት፣ ጩኸቱን ካወጣችሁ ሶሎው ለምን እንደረዘመ አይገባችሁም።

አንኮበር፦ ሳክስ ስንት ይሸጣል አሁን?

ሳክሱ፦ ነጋዴ አይደለሁም።

ደብረ ሲና፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ሳክሱ ግን ለምን ሩቅ ሆነ?

ሳክሱ፦ ኧረ በፈጠራችሁ ወደ ላይ አንብቡ! ማይክ! ማይክ!

ምንጃር፦ ቀረርቶ ነው ግን

የጠባሴ ልጅ፦ ጋሼ ቆጠርኩት፣ 9ኛው ዙር ላይ ጠፋብኝ

ሳክሱ፦ በምንድነው የሰማኸው?

የጠባሴ ልጅ፦ በስልክ

ሳክሱ፦ ደህና እደሩ።