«ወንድሜን እንዴት ላስተካክለው?»

«የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። የ24 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ጫት ላይ ወድቋል። ባጃጅ ተገዝቶለት ነበር፤ በስምንት ወሩ ሸጦ ጨረሰው። አባቴ ባየው ቁጥር ይጮኽበታል፤ አንድ ቀን ዱላ አንስቶበታል። እናቴ ደግሞ አባቴ ሳያውቅ ከመቀነቷ እየፈታች ትሰጠዋለች። ማታ ማታ ሁለቱም ለየብቻ ይደውሉልኛል። እኔም ባለፈው ዓመት ባሌ ሳያውቅ 18 ሺህ ብር ዕዳውን ከፍያለሁ። አሁን ደግሞ ‹ዱቤ አለብኝ፣ 4 ሺህ ላኪልኝ› እያለኝ ነው። ልላክለት? ወንድሜን እንዴት ላስተካክለው?» ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ወንድምሽ የተጻፈ ነበር የመሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ለየብቻ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። አባትሽና እናትሽ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት። ስለ ልጃቸው የሚያወሩት ግን ኮምቦልቻ ካለችው ልጃቸው ጋር ነው።

እስቲ አባትሽን ለምን እንደሚጮኹ ጠይቂያቸው። «እሷ በድብቅ እየሰጠች አባለገችው» ይሉሻል። እናትሽን ለምን በድብቅ እንደሚሰጡ ጠይቂያቸው። «እሱ እንደ ጠላት እየጮኸበት እኔም ልጨክንበት?» ይሉሻል። ሁለቱም አልዋሹም። አባት ሲጮኹ የእናት አንጀት አይችልም፤ ከመቀነታቸው ይፈታሉ። ብሩ ጫት ይሆናል። አባት ይደርሱበትና ይጮኻሉ። ልጁ ጩኸቱን ሸሽቶ ወደ መቃሚያው ይሄዳል። ዕዳው ገንፍሎ ቤቱ ሊፈነዳ ሲል ደግሞ አንቺ ትከፍያለሽ። ክብ ነው፤ ከየትም ብትነሺ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ። ስለዚህ «ማን ጀመረው?» ብዬ ጊዜ አላጠፋም።

እንዲህ ያለውን አተያይ የሲስተም ንድፈ ሐሳብ እንለዋለን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱን ነጥለሽ ከምታዪ፣ እርስ በርስ ምን እየተደራረጉ እንደሆነ ተመልከቺ ነው የሚለው። በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ኦስትሪያዊው የባዮሎጂ ሊቅ ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ ናቸው። እሳቸው የተነሱት ከሕያው አካል ነው። የራስሽን አካል ውሰጂ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስተሽ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትደርሺ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ይቀበልሻል። ታች ያልብሽ ነበር፤ ላይ ትንቀጠቀጫለሽ። ውስጥሽ ግን እዚያው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላቡም መንቀጥቀጡም እሱን ለመጠበቅ ነው። ቤተሰብም የለመደውን ለመጠበቅ ይታገላል፤ የለመደው ነገር ቢጎዳውም እንኳ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ያልተለመደ ነገር ጀመሩ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከእናቶቻቸው ጋር፣ በኋላም ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል ውስጥ አብረው እያኖሩ መከታተል ያዙ። በኋላ በደንብ ያብራሩት አንድ ነገር አለ። ሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ስበው ያስገባሉ። ሦስት ማዕዘን ይሉታል። እኛ አገር ሦስተኛዋ ብዙ ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ናት (ይህ የእኔ ትዝብት ነው)። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል እንደሚወርድ ታውቂያለሽ፤ ላይ ሲዘንብ ታች ይሞላል። የአንቺም ስልክ እንደዚያው ሆኗል። ባልሽ ሳያውቅ የወጣው 18 ሺህ ብርም ሌላ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ያኛው ግን የራስሽ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ሥራ እንደጀመርኩ የወንድምሽን ዓይነት ልጅ ብቻውን ለወራት አየሁት። እኔ ጋ ሲመጣ ደህና ነው፤ ቤቱ ሲመለስ ያገረሽበታል። እናቱን አንድ ቀን እንኳ አልጠራኋቸውም። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ የሚናቅበት አገር ተወልጄ!

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ትያለሽ። የአባትሽን አፍ መዝጋት አትችይም። የእናትሽን መቀነት መቋጠርም አትችይም። በእጅሽ ያሉት ስልኩና ብሩ ናቸው። አባትሽ ሲደውሉ «አባዬ፣ ይህን ለእማዬ ነግረሃታል?» በያቸውና ወሬ ቀይሪ። እናትሽ «አደራ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ሲሉሽ «እማዬ፣ እሱ የማያውቀውን ባትነግሪኝ ይሻለኛል» በያቸው። ደጋግመሽ፣ ሳትቆጪ። ለባልሽ ግን በዚሁ ሳምንት ንገሪው። ሊያኮርፍ ይችላል። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ይሻላል።

መጀመሪያ ነገሩ ይብሳል። «ትዳር ይዛ ጨከነች» ትባያለሽ። ወንድምሽም ለጥቂት ሳምንታት ሊብስበት ይችላል። ቅድም ያልኩሽ ላብና መንቀጥቀጥ ይሄ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይከፍላል። «አልከፍልም» ብለሽ ከቆየሽ በኋላ መክፈል ደግሞ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው፤ ትንሽ ከተገፋሽ እንደምትሰጪ ቤቱ ይማራል።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ክብ ውጪ ናቸው። ዱላ ያነሳ ሰው ተጠያቂው ራሱ ነው፤ «እሷ ስለሰጠችው ነው» የሚባል ነገር አይሠራም። ሌላው፣ ወንድምሽ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ «ሊገድሉኝ ነው» ካለ ወይም መሞትን ካነሳ፣ የእኔን ምክር ትታችሁ ፈጥናችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት። ብዙ ጫት እዚያ ሊያደርስ ይችላል።

ብር ባትልኪለትም ደውይለት። ስለ ጫት አይደለም፤ ስለ ልጅሽ አውሪው፣ ስለ ኳስ አውሪው። በዚያ ቤት ጫት ሳያነሳ የሚያናግረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ 4 ሺዋ። አትላኪ። እንደማትልኪና ለምን እንደማትልኪ መጀመሪያ ለእሱ ለራሱ ንገሪው። ከዚያ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ደሴ ውጪ። ቡና ተፈልቶ አባትሽም እናትሽም እሱም በተቀመጡበት፣ ዱቤ እንዳለበትና ከእንግዲህ እንደማትከፍይ ተናገሪ። አቦሉ ላይ አንዴ ተናገሪ። እስከ በረካው ድረስ ለማንም መልስ አትስጪ፤ እነሱ እርስ በርስ ይነጋገሩ።