አባቴ የተዉልኝን ክላሽ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለገጣፎ ዳር ነው። አባቴ ሲያርፉ ክላሽ ትተውልኛል። ሰፈራችን ሌባ ስለበዛበት ጥይት አጉርሼ አልጋ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ልጆቹን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች፤ አጎቶቼ ግን «የአባቱን መሣሪያ የሚያስረክብ ወንድ ነው ወይ?» ይሉኛል። መሣሪያ መያዝ ኃጢአት ነው? ሌባ ገብቶብኝ ብተኩስስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትህ አይለይ። ብረቱን መያዝ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያትም በዚያች ሌሊት ሁለት ሰይፍ ነበራቸው፤ ጌታችን ጴጥሮስን የገሠጸው ሲመዘው ነው፤ የተቆረጠውንም ጆሮ ፈወሰ። አንተን የሚያስጠይቅህ ያጎረስከው ጥይት ነው። በዘዳግም 22፥8 ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዟል። አደጋው ሳይደርስ መከላከል ግዴታው ነው ማለት ነው። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት የጎረሰ ክላሽ መከታ የሌለው ጣራ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጥይቱ ይውጣ። በመሣሪያ ካልሠለጠንክ አትንካው፤ ልጆቹን ከቤት አውጣና የሚያውቅ ሰው ወይም ፖሊስ ጥራ። ቅደም ተከተሉን ግን እወቅ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ወደ አፈር ይዙር፤ የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ የክላሽን ጥይት አያቆሙም። ጣት ከቃታው ይራቅ። ካዝናው (የጥይት መያዣው) ይነቀል። ከዚያ በስተቀኝ ያለው መቆለፊያ ከላይኛው ቦታው ዝቅ ይላል፤ ላይ እንዳለ ከቀረ ማቀባበያው (ጥይት የሚያጎርሰው እጀታ) እስከ መጨረሻው አይሳብም። ማቀባበያው ተስቦ ጥይቱ ሲወጣ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። አደጋው የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፦ ካዝናው ሳይነቀል ከተቀባበለ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይጎርሳል፤ «አወጣሁት» ያለው ሰው ቃታውን ይስባል። ካዝናው ተነቅሎም ቢሆን አንዷ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። በሽጉጥም እንዲሁ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የአባትህን ፈቃድ እንደ ራስህ አትቁጠረው። የወራሽነት ማስረጃህንና መታወቂያህን ይዘህ፣ መሣሪያውን ግን ቤት ትተህ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና አመልክት፤ እንዴት እንደሚረከቡህ ወይም ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ እነርሱ ይንገሩህ። ክላሽ ተሸክሞ በታክሲ መሄድ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የእኔን ምክር ከጠየቅከኝ፣ አስረክበው።

ሌባውን በሚመለከት፣ ዘጸአት 22፥2-3 በሌሊት ቤት ሲምስ ተመትቶ በሞተ ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በተገደለ ሌባ መካከል ይለያል፤ በኋለኛው የደም ዕዳ አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ራስን መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና አጸፋው ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ነው። ቴሌቪዥን ይዞ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ ተኩሶ መግደል ራስን መከላከል አይባልም። በፍትሕ ያመለጠ ሰው እንኳ ከንስሐ አያመልጥም፦ ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደሉትን ሳይቀር ሦስት ዓመት ከቁርባን እንዲታቀቡ መክሯል። ለቤትህ ጠንካራ በር፣ የውጭ መብራትና ከጎረቤት ጋር የሚቀጠር ዘበኛ ይበጁሃል።

አጎቶችህን አትናቃቸው። እነርሱ ባደጉበት ዘመን ጠመንጃ የአባወራ ክብር ነበር፤ በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል። ያኔ ቤት ከቤት ይራራቅ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ግቢ አራት ተከራይ አለ፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ የሰው ጣራ ላይ ይወርዳል። የአባትህን ክብር ከፈለጉ ተዝካራቸውን አብራችሁ አውጡ። ባለቤትህ ግን ትክክል ናት፤ ጣቢያ ከመሄድህ በፊት ይህን ንገራት። ያጎረስከውን ይዘህ የሰነበትክበትንም ለንስሐ አባትህ ተናገር፤ የሚሰጡህን ቀኖና ተቀበል።