ለደሴው ጠያቂ፦ የጭራቅ ፊልም ካሴት ወደ ፋይል ስለመገልበጥ

ሰላም ወንድሜ። ከተዘጋ ቪዲዮ ቤት የተረፉ የጎድዚላና መሰል ፊልሞች ካሴቶች ደሴ ውስጥ በካርቶን እንዳሉህ ጽፈህ፣ እንዴት ገልብጬ ኦንላይን ማኅደር ላይ ልጫን ብለሃል። አብሽር፣ ይቻላል። ግን ዴኩን (የካሴት ማጫወቻውን) ከመሰካትህ በፊት ባትሪ ያዝ።

በካሴቱ መስኮት የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ እያበራህ እይ። የደሴ ጉምና የክረምቱ እርጥበት ለሻጋታ ይመቻል። ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ዴክ ውስጥ እንዳትከተው፤ ሻጋታው ሄዱ (ክሩን የሚያነበው የዴኩ ክፍል) ላይ ይቀርና ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ካሴት ይበክላል። ለይተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። የተሰበረው ቀፎው ብቻ ከሆነ 5ቱን ብሎን ፈትተህ ጥቅሎቹን ወደ ሌላ ቀፎ አዛውር። ደህናዎቹን በስህተት እንዳይቀዳባቸው ጀርባቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበርና አንዴ እስከ መጨረሻ፣ አንዴ ወደ ኋላ አጠንጥናቸው።

ብርቅ ቅጂ የሚለየው በደቂቃው ነው፤ በሽፋኑ አትታለል። እ.ኤ.አ. የ1954ቱ የጃፓን ጎድዚላ 96 ደቂቃ ነው። በ1956 አሜሪካ ሲወጣ ሬይመንድ በር የተወነበት ክፍል ተጨምሮ፣ ሌላው ተቆራርጦ 80 ደቂቃ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በፓል ካሴት (በአውሮፓው የቪዲዮ ስርዓት በተቀዳ) ፊልሙ በሴኮንድ በ24 ፈንታ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚሄድ 4 በመቶ ያጥራል። 96ቱ 92፣ 80ው 77 ግድም ይመጣል። እናም 92 ደቂቃ ስላየህ «የተቆረጠ ቅጂ» ብለህ እንዳትለጥፍ። ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ከተንከባለለ ደግሞ ካሴቱ በአሜሪካው የቪዲዮ ስርዓት በኤን ቲ ኤስ ሲ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ሳትጥለው ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ፈልግ።

የፓሉን ስትገለብጥ የምስሉ መጠን 720 በ576፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ፋይሉም ጥራት ሳይቀንስ በሚያጭቀው በኤፍ ኤፍ ቪ 1 ይሁን። በሰዓት 30 ጊጋ ገደማ ይበላል። ሃርድ ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በአሮጌው ፋት 32 ከሆነ ፋይሉ 4 ጊጋ ላይ ይቆማል፣ አስቀድመህ ፎርማቱን ቀይር። ድምፁ ከምስሉ እየራቀ ከሄደ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ አይደለም፤ ያረጀው ክር ምልክቱን ስለሚያናውጠው ርካሹ መቅረጫ (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ፍሬም ይጥላል። ታይም ቤዝ ኮሬክተር (የተናወጠውን ምልክት የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ዴክ ካገኘህ ይገላግልሃል። ጭረቱን «ላሳምር» ብለህ ዋናውን ፋይል እንዳትነካ፤ ማሳመሩ በቅጂው ላይ ይሁን። መብራት ከሄደ ካሴቱን 2 ደቂቃ መልሰህ በአዲስ ፋይል ቀጥል።

መጫኑ ቀላል ነው፣ መቆየቱ ግን ዋስትና የለውም። የጎድዚላ መብት የጃፓኑ ፊልም ኩባንያ የቶሆ ስለሆነ ባለመብቱ ከጠየቀ ይነሳል። በአንጻሩ የ1968ቱ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ርዕሱ ሲቀየር የመብት ማስታወቂያው ስለተዘለለ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ነው፤ እሱን ያለ ስጋት ጫን። ለሌላው ሁለት ሃርድ ዲስክ ያዝ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

እስከዚያው የካሴቶቹን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ከነደቂቃቸው እዚሁ ለጥፍ።